እንጨት ቤቱና ቤተ ሙከራው፦ ከጅማና ከአካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው። ከደንና ከደን ጥላ ሥር የሚገኘውን ሀብት፣ ማለትም ጣውላን፣ ሳጋቱራን፣ የቡና ገለፈትንና ማርን ወደ ተሻለ ምርት ለመለወጥ አምራቹና ተመራማሪው አብረው እንዴት ይሥሩ? ጅማ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤቷ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። መልኮ ላይ የቡና ምርምር ማዕከል፣ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት። እንጨት ቤቶቿ ከዩኒቨርሲቲው በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው። ይህን ያህል ተቀራርበው የሚነጋገሩት ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነናል፤ መልሶቻችንን ያረዘምነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሄርማታ አካባቢ ስምንት ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ ወንበር፣ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን እንሠራለን። ጅማ ላይ ደህና የነበረው ዕቃ አዲስ አበባ በተላከ በሁለት በሦስት ወሩ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ የጠረጴዛው ፊት ይሰነጠቃል። ዩኒቨርሲቲው ሊረዳችሁ ይችላል ተብለናል። ማን ዘንድ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ዕቃዎ አዲስ አበባ ላይ የሚሰነጠቀው ጅማ ላይ ያልጨረሰውን መድረቅ እዚያ ስለሚጨርስ ነው። እንጨት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ውኃ ይሰጣል፣ ይቀበላልም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ ከሆነ እንጨቱ 16 በመቶ ግድም ላይ ይቆማል። አየሩ 65 በመቶ ሲሆን 12፣ 50 በመቶ ሲሆን ደግሞ 9 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ክረምቱን ጅማ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ደርቋል የተባለ ጣውላ በታኅሣሥ አዲስ አበባ ሳሎን ሲገባ ገና ብዙ የሚለቀው ውኃ አለው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ባሕር ዛፍ ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ ሲሄድ በዕድገት ቀለበቱ አቅጣጫ 10 በመቶ ያህል ሊኮማተር ይችላል። መኮማተሩ የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ እርጥበት አንድ ሦስተኛ በመቶ ይጠባል ማለት ነው። 24 በመቶ ላይ እያለ የተገጣጠመ ሰሌዳ ወደ 12 በመቶ ቢወርድ 100 ሚሊ ሜትር ከነበረው ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድላል። ይህን የሚችል ኮላም ምስማርም የለም።

እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄድዎ በፊት የጣውላዎን እርጥበት ይወቁ። ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ ቋጠሮ በሌለበት ቦታ፣ 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በሙሉ ስፋቱ ይቁረጡ። ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከዚያ የተወሰደ ቁራጭ ያታልላል። ወዲያው እስከ አንድ አሥረኛ ግራም በሚያነብ ሚዛን ይመዝኑት። ቁራጩ ሚዛን ፍለጋ ሰዓታት ከቆየ ልኬቱ ከንቱ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልለው ይያዙት። ከዚያ 103 ዲግሪ ላይ በተስተካከለ የቤተ ሙከራ ማድረቂያ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይቆይ። በሁለት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲመዘን ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። የዳቦ ምድጃ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ለዚህ አይበጅም።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጠፋው ውኃ የሚካፈለው ለደረቁ ክብደት ነው። ቁራጩ 146 ግራም ገብቶ 118 ግራም ቢወጣ የጠፋው 28 ግራም ነው። 28 ለ118 ሲካፈል 23.7 በመቶ ይሆናል። በእርጥቡ ክብደት ያካፈለ ሰው 19.2 ያገኛል፤ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው እያሰሉ አምራችና ተመራማሪ ሲከራከሩ ይውላሉ። ሁለት መርፌ ያለው የእጅ መለኪያ ለዕለት ሥራ ይጠቅማል። የሚያነበው ግን መርፌው የደረሰበትን ጥልቀት ብቻ ነው፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትም መስተካከል አለበት። በማድረቂያው ውጤት ሳያረጋግጡ አይመኑት።

ቀጥሎ አደራረቅዎን ይፈትሹ። ክምሩ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከላዩ ጣራ ኖሮት፣ በየረድፉ መካከል 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ማለያያ እንጨቶች በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ይግቡበት። ማለያያዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ ካልዋሉ ጣውላው በራሱ ክብደት ይጎብጣል። እርጥብ ማለያያ የነካው ቦታ ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጣውላው ከግንዱ በመጋዝ በወጣ ዕለት ሁለቱን ጫፎች በዘይት ቀለም ይቀቡ፤ ውኃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት የፈጠነ ይመስላል፤ ላዩ ደርቆ ሲደነድን ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ መላጊያ ሲነካው ይጣመማል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ገና ቆሞ ሳለ ግንዱ ውስጥ ውጥረት ያለው ዛፍ በመሆኑ ችኮላ አይወድም።

ይህን ካደረጉ በኋላ የሚወስዱት ጥያቄ ‘እንጨታችን ይሰነጠቃል፣ እርዱን’ የሚል አይሆንም። ‘25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ በእኔ መጋዘን ወደ 12 በመቶ ለመውረድ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ከመቶውስ ስንቱ ይበላሻል? በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ማድረቂያ ቤት ይህን በስንት ያሳጥረዋል?’ የሚል ይሆናል። ይህ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት በቂ ነው። ደብዳቤውን አንድ ገጽ ያድርጉት፤ ችግሩን፣ ያገኙትን ልኬት፣ በወር ስንት ሜትር ኩብ ጣውላ እንደሚሠሩና ለጥናቱ ምን እንደሚሰጡ ይጻፉ። ቢያንስ ሃያ ጣውላ፣ አሥሩ እንደ ወትሮው የሚደርቅ፣ አሥሩ በአዲሱ መንገድ፣ ለመስጠት ይዘጋጁ። እንደ ወትሮው የሚደርቀው ከሌለ አዲሱ መሻሉን የሚያሳይ መነጻጸሪያ አይኖርም። ደብዳቤው ለግብርና ኮሌጁ የተፈጥሮ ሀብት ክፍል ይሂድ፤ ማድረቂያ ቤት ማሠራት ካሰቡ ለቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም። ግልባጩ ለዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስርና ቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል ይሁን። የጥንካሬ ፍተሻ ካስፈለገ አዲስ አበባ የደን ውጤቶች ምርምር ማዕከል፣ ወንዶ ገነትም የደን ኮሌጅ አለ።

ጥያቄ፦ የአንድ እንጨት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ የትምህርት ተቋም ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመናል። ባነር ተሰቅሎ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ሥራ አልተሠራም። ጥፋቱ ከማን ነው?

መልስ፦ ከሁለታችሁም ይልቅ ከሰነዱ ዓይነት ነው። የመግባቢያ ሰነድ ፈቃደኝነትን ይገልጻል እንጂ ማንንም ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ አያስገባም። ሥራ የሚያስገባው ከሥሩ የሚፈረም የአንድ ጥናት ውል ነው። በዚያ ውል ላይ የሁለት ሰዎች ስም ይጻፍ፤ አንድ ከፋብሪካው፣ አንድ ከተቋሙ። ኃላፊዎች ይቀያየራሉና ‘ዲኑ’ ወይም ‘ሥራ አስኪያጁ’ ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ውጤቱ በሚለካ ነገር ይገለጽ። ‘የሳጋቱራ አጠቃቀምን ማሻሻል’ አይለካም፤ ‘ከእኛ ሳጋቱራ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 12 የሙከራ ሰሌዳዎች ተሠርተው የመታጠፍ ጥንካሬያቸውና ውኃ ውስጥ ከ24 ሰዓት በኋላ ያበጡት መጠን ሪፖርት ይደረጋል’ ይለካል።

የጊዜ ነገር ብዙ ሥራ ያበላሻል። ፋብሪካ በሳምንት፣ ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር ያስባል። ጥያቄዎ ተማሪዎች ርዕስ ከመረጡ በኋላ ከደረሰ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ የምርጫው ወቅት መቼ እንደሆነ ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ። በመጀመሪያው ዙር ከሦስት ወር የማይበልጥ ትንሽ ሥራ ይምረጡ። ገንዘብን በተመለከተ ፋብሪካ ጥሬ ብር ባይኖረው እንኳ የማሽን ሰዓት፣ ናሙና፣ መጓጓዣና የአንድ ቴክኒሻን ጉልበት መስጠት ይችላል፤ እነዚህ ግን በብር ተተምነው ውሉ ላይ መስፈር አለባቸው፤ አለዚያ ‘ምንም አልሰጡንም’ ይባላል። የኬሚካል ግዢ በመንግሥት ተቋም ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ሥራው በኬሚካል የሚሠራ ከሆነ ኬሚካሉ እጅ ሳይገባ ሰዓቱ መቁጠር የለበትም።

ጥያቄ፦ አጋሮ ላይ በማኅበር የተደራጀን ወጣቶች ነን። የጀንፈል ቡና ገለፈት በበርሜል አክስለን ብሪኬት፣ ማለትም ተጨምቆ የተሠራ የከሰል ጥፍጥፍ፣ እንሠራለን። ደንበኞች ሦስት ቅሬታ አላቸው፦ ይፈረፈራል፣ ሲለኮስ ይጨሳል፣ አመዱ ይበዛል። ለቤተ ሙከራ የላክነው ናሙና ግን ጥሩ ነው ተባለ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ደንበኞቻችሁን እመኑ። ቤተ ሙከራውም አልዋሸም፤ የለካው የላካችሁለትን ነው። አብዛኛው ሰው ለምርመራ የሚልከው ከምርቱ መርጦ ያማረውን ነው። ሦስቱን ቅሬታዎች ለየብቻ እንያቸው፤ ምክንያታቸው የተለያየ ነውና አንዱን መድኃኒት ለሦስቱም ማድረግ ያከስራል።

መፈርፈሩ ከሦስት ነገር ይመጣል። የከሰሉ ዱቄት ሻካራ ከሆነ በመሃሉ ክፍተት ይቀራል፤ ሁሉም በ3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለፍ፣ ግማሽ ያህሉም ከዚያ የላመ ይሁን። ሁለተኛው ማጣበቂያው ነው። ስታርች የምትጠቀሙ ከሆነ ለ100 ኪሎ ደረቅ የከሰል ዱቄት በ5 ኪሎ ጀምሩ። ስታርቹን በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ 40 ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩት፤ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ሙቅ ሲያስተላልፍና ሲወፍር በስሏል። ጥሬውን ከከሰል ጋር የቀላቀለ ስታርቹን አባከነ፤ ያልበሰለ ስታርች አያጣብቅም። ሦስተኛው አደራረቅ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ የዋለ እርጥብ ብሪኬት ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ላይ፣ ከዚያ በአልጋ መሰል መደርደሪያ ላይ አየር እያገኘ ይድረቅ፤ በክረምት ደግሞ ቶሎ ካልደረቀ ስታርቹ ይሻግታል። አፈር፣ በተለይ ሸክላ አፈር፣ ርካሽ ማጣበቂያ ነው፤ ግን 10 በመቶ አፈር ማለት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አመድ ነው።

ጭሱ የሚመጣው ሳይከስል ከቀረ ገለፈት ነው። በደንብ የከሰለ ገለፈት ጥቁርና ቀላል ነው፣ በጣት ሲታሽ ደረቅ ዱቄት ይሆናል። ቡናማ ቀለም ያለው ወይም ጣት ላይ ቅባት የሚተው ከሆነ አልበቃውም። የበርሜሉ ሙቀት 400 እስከ 500 ዲግሪ መድረስ አለበት። ገለፈት እንደ ፍልጥ አየር አያሳልፍም፤ በርሜሉ ጢም ብሎ ከተጠቀጠቀ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ብዙ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ በመሃል ማቆም ይረዳል። ቤተ ሙከራ ላይ የሚጠየቀው ልኬት ‘ተናኝ ንጥረ ነገር’ ይባላል፤ 1 ግራም ዱቄት በተከደነ ትንሽ ማሰሮ 950 ዲግሪ ላይ ለደቂቃዎች ብቻ ተቀምጦ የጠፋው ክብደት ነው። ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ ጭሱ አያስገርምም።

አመዱ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። በማክሰል ጊዜ የሚጠፋው እንጨትነቱ እንጂ ማዕድኑ አይደለም። 3 ኪሎ ገለፈት 1 ኪሎ ከሰል ከሰጠ፣ የሦስቱም ኪሎ አመድ አንዱ ኪሎ ውስጥ ተሰብስቧል። ጥሬው ገለፈት 5 በመቶ አመድ ቢኖረው ከሰሉ ወደ 15 በመቶ ይኖረዋል። ይህ ከቡና ገለፈት ተፈጥሮ ነው፤ አታጠፉትም። ልታጠፉት የምትችሉት ከመሬት የተቀላቀለውን አፈር ነው። ገለፈቱ ከሸራ ላይ የተነሣ 1 ኪሎና ከአውድማ መሬት የተነሣ 1 ኪሎ ለየብቻ ይላኩ፣ አመዳቸውም 550 ዲግሪ ላይ ይለካ። ልዩነቱ አፈራችሁ ነው፤ በሸራና በወንፊት ይወገዳል። የቡና ገለፈት አመድ ፖታሲየም ይበዛዋል፤ ፖታሲየም ደግሞ አመዱ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርጋል። ደንበኛ ምድጃው ውስጥ እንደ ድንጋይ የተጋገረ ነገር አገኘሁ ካለ ይኸው ነው፤ የሳጋቱራ ከሰል መቀላቀል ያቀለዋል። አመዱን ግን አትጣሉት፣ ለጓሮ አትክልት ፖታሲየም ነው።

ናሙና አወሳሰዱ እንዲህ ይሁን። ከአሥር ኬሻ፣ ከእያንዳንዱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች በድምሩ 400 ግራም ያህል አውጡ። ፈጭታችሁ በንጹሕ ሸራ ላይ ቀላቅሉና ቆልሉት፣ ጠፍጥፉት፣ በመስቀል አራት ቦታ ክፈሉት። ትይዩ የሆኑትን ሁለት ክፍሎች አስወግዳችሁ የቀሩትን እንደገና ቀላቅሉ። 1 ኪሎ ሲቀር ለሁለት ከፍላችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጉ፤ አንዱ ለቤተ ሙከራ፣ ሌላው ተፈርሞበትና ቀን ተጽፎበት እናንተ ጋ ይቀመጥ። ክርክር ሲነሣ የሚፈታው ያ ሁለተኛው ከረጢት ነው።

ከተመራማሪ ጋር የምታደርጉት ሙከራ ትልቅ መሆን የለበትም። ስታርች በ4፣ በ6 እና በ8 በመቶ፣ እያንዳንዱ በሦስት የተለያዩ ቀናት ይሠራ፤ ዘጠኝ ዙር ይሆናል። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መሥራት እንደ ሦስት ዙር አይቆጠርም፤ የዚያ ቀን ገለፈት፣ የዚያ ቀን እጅ ነውና። ከየዙሩ አሥር ብሪኬት ከ2 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጣሉና የቀረውን ትልቁን ቁራጭ መዝኑ። ለውኃ ማፍላት ሙከራ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ፦ በጅማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። መመሪያው ላይ 100 ዲግሪ እስኪደርስ ተብሎ የተጻፈውን የሚጠብቅ ሰው ከሰሉን ሁሉ ይጨርሳል። ሙከራውን በዝግ ክፍል አታድርጉት፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ናሙና የሚሰጠኝ ድርጅት ውጤቱ እንዳይታተም ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በአደባባይ ካልተከላከልኩ አልመረቅም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ድርጅቱ ምን እንዲደበቅለት እንደሚፈልግ በዝርዝር ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚፈራው የአቅራቢው ስም፣ ዋጋው፣ የማጣበቂያው ቅመም ወይም የማሽኑ አቀማመጥ እንዲወጣበት ነው። የእንጨቱ ጠባይ እንዲደበቅ የሚፈልግ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹን በኮድ ጽፎ ሁለተኛውን በግልጽ ማቅረብ ይቻላል። ውሉ ላይ ድርጅቱ ረቂቁን ከመከላከያው ቀን በፊት 30 ቀን የሚያነብበት፣ በዚያ ጊዜ መልስ ካልሰጠ ግን እንደተስማማ የሚቆጠርበት አንቀጽ ይግባ። የጊዜ ገደብ የሌለው ‘ድርጅቱ ሲፈቅድ’ የሚል ቃል ላይ አይፈርሙ።

አዲስ ፈጠራ ካለ ማመልከቻው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚገባው ከመከላከያው በፊት ነው፣ አዲስነት ከፓተንት መመዘኛዎች አንዱ ስለሆነ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። እንደ ብሪኬት መጫኛ ላለ አነስተኛ መሣሪያ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይቀላል፤ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። በተቀጠረበት ወይም በታዘዘበት ሥራ የተገኘ ፈጠራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። እርስዎ ግን ተማሪ እንጂ የድርጅቱ ተቀጣሪ አይደሉም። ስለዚህ የእርስዎ፣ የአማካሪዎ፣ የዩኒቨርሲቲውና የድርጅቱ ድርሻ ከመጀመሪያው ናሙና በፊት ይጻፍ። ውጤት ከታየ በኋላ ስለ ድርሻ መነጋገር ጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ከጌራ ነው የምንጽፈው፤ የደን ማር አምራቾች ማኅበር ነን። በየዓመቱ ተመራማሪዎች ማር ይወስዳሉ፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ውጤቱ ተመልሶ መጥቶልን አያውቅም። ከእንግዲህ አንሰጥም ብንል ጥፋት ነው?

መልስ፦ ጥፋት አይደለም፣ የእናንተ ማር ነው። ከመከልከል ግን ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይሻላችኋል፤ ውጤቱ ገበያ ላይ የሚጠቅመው እናንተን ነውና። አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ። የተመራማሪው ስምና ተቋም፣ የሚለካው ነገር፣ ውጤቱ የሚመለስበት ቀን ይስፈርበት። ጥናቱ ለመመረቂያ ከመቅረቡ በፊት አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንደሚነበብ ይጻፍበት። ይህን የማይፈርም ሰው ማር አያገኝም።

የሚለካውንም እናንተ ምረጡ። ገዢ የሚጠይቀው መጀመሪያ እርጥበትን ነው፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ለማር ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ቀጥሎ ማሩ መሞቁን ወይም ማርጀቱን የሚያጋልጠው ኤች ኤም ኤፍ የተባለው ንጥረ ነገር አለ፤ ወሰኑ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ነው። ሱክሮስ በጥቅሉ ከ5 በመቶ አይበልጥም።

ማሩ ንቦቹ በሰም ካሸጉት የማር እንጀራ ብቻ ይውጣ፤ ካልታሸገው ጋር ሲቀላቀል እርጥበቱ ከፍ ይላል። ከየቀፎው ሳይደባለቅ 500 ግራም በደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ይግባ። ክዳኑ ላይ መንደሩ፣ የተቆረጠበት ቀንና የነበረው አበባ ይጻፍ፦ ጌተም፣ ብሳና፣ ግራዋ ወይም ቡና። ጌተም ነጭ ማር ይሰጣል፣ ቶሎም ይረጋል። የረጋ ማር በእርጥበት መለኪያ መነጽር (ሪፍራክቶሜትር) ሲነበብ ይሳሳታል፤ ማሰሮው እንደተከደነ ከ50 ዲግሪ በማይበልጥ የሞቀ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ከሟሟ በኋላ ቀዝቅዞ ይነበብ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከተሞቀ ውኃው ተንኖ የተሻለ ማር ይመስላል።

ተመራማሪው ማር ሳይሆን የዛፍ ቅጠል፣ ዘር ወይም ከቀፎ የሚገኝ ሕያው ነገር ለዘረ መል ጥናት ከፈለገ ጉዳዩ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለጄኔቲክ ሀብትና ለማኅበረሰብ ዕውቀት ፈቃድ እንዲጠየቅና የማኅበረሰቡ ስምምነት አስቀድሞ እንዲገኝ ያዛል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ወረቀቱን አሳዩን በሉ።

ጥያቄ፦ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምማር የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። በደን ላይ ስለተመሠረተ ባዮኢኮኖሚ፣ ማለትም ከሕያው ሀብት ምርትና ኃይል ስለሚያወጣ ኢኮኖሚ፣ ሲነሣ ፊንላንድና ስዊድን ይጠቀሳሉ። የእነሱ ትልልቅ ፋብሪካ ለጅማ ምን ያስተምራል?

መልስ፦ የፋብሪካው መጠን ሳይሆን አቆጣጠሩ ያስተምራል። ፊንላንድ ውስጥ አኔኮስኪ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ሥራ የጀመረው የሜትሳ ፋብሪካ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን የወረቀት ጥሬ ዕቃ እንዲያመርት ተሠርቷል። ከዚያው ዛፍ ግን ተርፔንታይንና ቶል ኦይል የተባለ ዘይት ይወጣል፣ ቅርፊቱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ የተረፈው ኃይል ለመብራት መረብ ይሸጣል። ይህ የሚቻለው እያንዳንዱ ኪሎ የት እንደገባ ስለሚታወቅ ነው።

ጅማ ላይ ይህን በልምምድ ጊዜዎ መጀመር ይችላሉ። አንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ይምረጡና ለአንድ ሳምንት ሁሉንም ይመዝኑ፦ የገባውን ግንድ ዲያሜትርና ርዝመት፣ የወጣውን ጣውላ፣ ሽንሽኑን፣ ቅርፊቱን፣ ሳጋቱራውን። በትንንሽ መሰንጠቂያዎች ከግንዱ ጣውላ የሚሆነው ግማሹ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። የመጋዙን የስንጥቅ ስፋትም ይለኩ። 5 ሚሊ ሜትር የሚበላ ክብ መጋዝ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲያወጣ ከስድስት እጅ አንዱን ሳጋቱራ ያደርጋል፤ 2 ሚሊ ሜትር የሚበላ የባንድ መጋዝ ከአሥራ ሦስት እጅ አንዱን አይሞላም። የሳጋቱራውን እርጥበት ሳይለኩ ክብደቱን ብቻ መመዝገብ ግን ድካምዎን ያጠፋዋል፤ የእርጥብ ሳጋቱራ ግማሹ ውኃ ሊሆን ይችላል። ይህ የአንድ ሳምንት መዝገብ ለባለቤቱ ወዲያው ይጠቅመዋል፣ ለመምህራንዎም ቀጣዩን ጥናት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ለጥናት ብለን ዋንዛ መቁረጥ እንችላለን? በርጩማ ለሚቀርጹ ባለሙያዎች ምትክ እንጨት ፍለጋ ላይ ነን።

መልስ፦ ለጥናት መሆኑ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 የወጣው የደን አዋጅ በስም ለይቶ የጠበቃቸው ዛፎች ናቸው፤ ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ለመነጻጸሪያ የሚበቃችሁ ጥቂት ስለሆነ አዲስ ዛፍ አያስፈልግም። 20 በ20 ሚሊ ሜትር ሆኖ 300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቋጠሮ የሌለበት ዘንግ ለመታጠፍ ፍተሻ ይሆናል፤ ሠላሳ ዘንግ ከሁለት አሮጌ የዋንዛ ጣውላ ይወጣል። ሁሉንም 12 በመቶ እርጥበት ላይ ፈትሹ፣ አለዚያ የምታወዳድሩት እንጨቱን ሳይሆን ውኃውን ነው። ለቀራጮቹ ግን ከጥንካሬው ይልቅ በመጥረቢያና በመሮ ሲጠረብ መታዘዙና ሲደርቅ አለመሰንጠቁ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከሦስት ቀራጮች ጋር ግራቪሊያን በእርጥቡና በግማሽ ድርቀት አስጠርባችሁ መዝግቡ። ጣውላው ከማን እንደተገዛና ከየት እንደመጣ የሚገልጸው ደረሰኝ ቅጂም ከናሙናው ጋር ይጓዝ፣ ኬላ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።